አህያ፣ ጅብና ከተማ፦ ከግንደወይን የተነሳ የታሪክ ማስታወሻ

1. መነሻ

ግንደወይን በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ መካከል በሚያልፈው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ያደግሁት በዚያ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጽሑፍ የከተማዋን ታሪክ ለመጻፍ የታሰበ አይደለም። የሚነሳው ከአንዲት አህያ ነው።

አህያዋ አመድማ ነበረች። በገጠር ያሉት የአያቴ በሬዎች እያንዳንዳቸው በመልካቸው ስም ወጥቶላቸው ሲጠሩ፣ እሷ ግን «አህያዋ» ከመባል በቀር መጠሪያ አልነበራትም። እናቴ ጠላ እየጠመቀች ትሸጥ ስለነበር ውሃው ከምንጭ፣ ገብሱና ጌሾው ከገበያ፣ ማገዶው ከገጠር፣ ሁሉም የሚመጣው በአህያዋ ጀርባ ነበር። የእኔና የእህቶቼ ደብተርና እርሳስ የሚገዛው ከዚያው ጠላ በሚገኘው ገንዘብ በመሆኑ፣ ያስተማረችን እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አራተኛ ክፍል ስደርስ አህያዋ አረጀች። ጀርባዋ ገጥቦ አልሽር አለ፤ ሲጭኗት መተኛት ጀመረች። አንድ ቀን ወደ ማታ አባቴ ጠራኝና ከመጨረሻዎቹ ቤቶች አሳልፌ ሜዳው ላይ እንድተዋት አዘዘኝ።

«አባባ፣ ጅብ አይበላትም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሥራዋን ጨርሳለች፣ ልጄ። ጅቡስ ቢሆን ጦሙን ይደር?» አለኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ነገሩን ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው አድርጎ ነበር።

ነዳኋት። መንገዱን ስለምታውቀው ወደ ምንጩ የምንሄድ መስሏት ሳትለግም ሄደች። ጥያት ስመለስ ጥቂት ተከተለችኝ፤ በድንጋይ መለስኋት። በማግስቱ በዚያ ሳልፍ ያየሁት የተረጋገጠ ሣርና የደረቀ ደም ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ መምህራችን በሰሌዳው ላይ «አህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር ጻፉና ትርጉሙን ጠየቁን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ለብዙ ዓመታት ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር ባነበብኩና ባስተማርኩ ቁጥር ያ ሳቅ ይመለስብኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከዚያ የመነጨ ነው። የኢትዮጵያ ከተሞች ከእንስሳት ጋር ያልተጻፈ ውል ነበራቸው። የውሉን አንድ ወገን በምሳሌያዊ አነጋገራችን፣ ሌላውን ወገን በተረታችን መዝግበነዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናነብ ከተሞቻችን በማን ጀርባ እንደቆሙ፣ ዕዳውም እንዴት እንደተከፈለ እንረዳለን የሚል እምነት አለኝ።

2. ከተማና የጭነት እንስሳ

በመሠረቱ «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ምስክር ነው። ቃሉ ዛሬ የምንሰጠውን ትርጉም ከመያዙ በፊት ንጉሡ ወይም መስፍኑ ከነሠራዊቱ የሚሰፍርበትን ቦታ ያመለክት ነበር። «ሰፈር»ም እንዲሁ ከመስፈር የመጣ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ብዙዎቹ ሰፈሮቿ በመኳንንት ስም የሚጠሩት፣ ለምሳሌ ደጃች ውቤ ሰፈርን ብንወስድ፣ መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው የሰፈሩባቸው ቦታዎች ስለነበሩ ነው። የሚሰፍር ሠራዊት ድንኳኑን፣ ስንቁንና ድስቱን የሚያመላልሰው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ነበር። ስለዚህ ከተማ ከመተከሉ በፊት በእንስሳ ጀርባ ላይ ተጭኖ ይጓዝ ነበር ማለት ይቻላል።

የገበያ ከተሞችም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ጎጃምን ከዓባይ ማዶ አገሮች ጋር ካገናኙት ገበያዎች መካከል በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የነበረው የባሶ ገበያ በሰፊው የታወቀ ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች ከደቡብ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ከሰሜን አሞሌ ጨው እየጫኑ በዚያ ይገናኙ ነበር። የነጋዴው የቀን ጉዞ የሚለካው ጭነት የተሸከመ እንስሳ ከማለዳ እስከ ማራገፊያው ሊሄድ በሚችለው ርቀት ነው። እንስሳው በደከመበት ቦታ ነጋዴው ያድራል፤ ነጋዴው ባደረበት ቦታ ጠላ ሻጭ፣ ሣር ሻጭና እንጨት ሻጭ ይሰበሰባሉ። በዚህ ዓይነት የተሰባሰበው ሕዝብ ውሎ አድሮ ከተማ ይሆናል።

የቤቱ አሠራርም ይህንኑ ያሳያል። በደጋው የቆየ ቤት ውስጥ ሰው፣ በቅሎና አህያ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር። የእንስሳው ቦታ ጋጣ ሲሆን፣ ከላይ ቆጥ፣ ከመካከል ምድጃ ይገኛል። በሌሊት የእንስሳው ትንፋሽ ቤቱን ያሞቃል፤ ግድግዳው ደግሞ እንስሳውን ከጅብ ይጠብቃል። የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ይህ ነው ማለት እንችላለን፦ አንተ ተሸከም፣ እኔ በር እዘጋልሃለሁ።

ይሁንና በዚህ ውል ውስጥ ያሉ እንስሳት እኩል ክብር አልነበራቸውም። ፈረስ የጌታውን ስም እስከመስጠት የደረሰ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። በቅሎም የመኳንንትና የካህናት መቀመጫ በመሆኗ ትከበራለች። በአህያው ስም የተጠራ መኰንን ግን የለም። ፈረስ የጦርነት፣ በቅሎ የማዕረግ፣ አህያ የእህል ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ ቢጠፋ ከተማው ቶሎ የሚራበው በአህያው መጥፋት እንደነበር ግልጽ ነው።

ይህ ሁኔታ ያለፈ ዘመን ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ መርካቶ እህል በረንዳ የሚባለው ቦታ የእህል ነጋዴውና የአህያ ነጂው መገናኛ በመሆን ለረጅም ዘመን ኖሯል። ኢትዮጵያ ከ9 ሚሊዮን በላይ አህዮች ያሏት ሲሆን፣ በዚህ ቁጥር ከዓለም አገሮች ቀዳሚውን ስፍራ ይዛ ቆይታለች።

3. ምሳሌያዊ አነጋገሩ ምን ይላል?

አህያ በምሳሌያዊ አነጋገራችን ውስጥ ያላት ስፍራ ከላይ ከተገለጸው አገልግሎቷ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያስገርማል። ጥቂቶቹን እንመልከት፦

«አህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።»
«ለአህያ ማር አይጥማትም።»
«ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች።»
«አህያ ለአህያ ቢራገጡ ጥርስ አይሳበሩም።»
«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።»

የመጀመሪያው ረዳት የለሽነትን፣ ሁለተኛው ጣዕም አለማወቅን፣ ሦስተኛው መጥፎ አርአያነትን፣ አራተኛው የጠቡን ዋጋ ቢስነት በአህያ ያስመስላሉ። ከአምስቱ የተለየው የመጨረሻው ነው። በዚህኛው አህያው የሚፈራ፣ የሚመታው ደግሞ በጀርባው ያለው ጭነት ነው። ዳውላ የእህል መስፈሪያ መሆኑን፣ በስልቻ ተሞልቶ በአህያ ጀርባ የሚጫን መሆኑንም ልብ ይሏል። ተናጋሪው አህያና ዳውላን ለይቶ ማየት የቻለው በየቀኑ ሁለቱን አብሮ ስለሚያያቸው ነው። ምሳሌያዊ አነጋገሩ የተፈጠረው በገበያ መንገድ ላይ እንደሆነ ከራሱ ቃላት መረዳት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት። እነዚህን አነጋገሮች የተናገረው ማን ነው? ያለ ጥርጥር የጫነው ወገን ነው። ምሳሌያዊ አነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የሕዝብ ጥበብ ተብሎ ይጠናል፤ ትክክልም ነው። ሆኖም «ሕዝብ» የሚለው ቃል ጫኚና ተጫኝ አንድ ድምፅ ያላቸው ያስመስላል። ስለ አህያ የተነገሩት ከላይ ያየናቸው አነጋገሮች የባለቤት ሰነዶች ናቸው። የባለቤት ሰነድ ውለታን ቢያወሳ ዕዳን ማመን ይሆንበታል። ስለዚህ ሰነዱ ውለታውን በመናቅ ዕዳውን ይሰርዛል። እኔ በአራተኛ ክፍል የሳቅሁት ለዚህ ይመስለኛል። ሳቁ ለአህያዋ ምንም ዕዳ እንደሌለብኝ ነገረኝ።

ተረቱ ግን ሌላ ነገር ይላል። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የሰማነው አንድ ተረት አለ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ በድርቅ ዘመን ተሰብስበው ይህ መቅሠፍት የመጣብን ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው ይላሉ። አንበሳው ከብት መብላቱን፣ ነብሩ ፍየል መብላቱን፣ ጅቡ በሌሊት ከመንደር ገብቶ መዝረፉን ይናዘዛሉ፤ የእያንዳንዱን ኃጢአት የቀሩት «ይህ ኃጢአት አይደለም» እያሉ ያልፉታል። አህያዋ ተራዋ ደርሶ ጌታዋ በመንገድ ቆሞ ሲያወራ ከዳር የበቀለ ሣር መንጨቷን ብትናገር፣ ለካ መቅሠፍቱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ ብለው ይበሏታል። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ ይህ ተረት መካተቱ ለውጭ አንባቢም እንዲታወቅ አድርጎታል።

ሌላው ተረት ደግሞ ከዚህ አጠር ያለ ነው። ጅብ ከወንዙ ላይኛ፣ አህያ ከታችኛው ወገን ሆነው ውሃ ሲጠጡ ጅቡ «ውሃውን ለምን ታደፈርሽብኛለሽ?» ይላታል። ውሃ ወደ ላይ እንደማይፈስ የምታውቀው አህያ የመለሰችው «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚል ነው። ይህ መልስ ከተረቱ ተነጥሎ ራሱን የቻለ ምሳሌያዊ አነጋገር ሆኗል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም አህያ በራሷ አንደበት የምትናገርበት ነውና። የምትለምነው ምሕረት አይደለም። የምትጠይቀው ውሸቱ እንዲቀር ብቻ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ የበለዓም አህያ አፍ አውጥታ ጌታዋን «ምን አደረግሁብህ?» ማለቷን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ድምፅ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግዲህ ምሳሌያዊ አነጋገሩ የጫኚው፣ ተረቱ የተጫኙ ምስክርነት ሆነው ይገኛሉ። ሁለቱም በአንድ ሕዝብ አፍ ውስጥ መኖራቸው ሕዝቡ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ያውቀው እንደነበር ያስረዳል። የኋለኛው ጸሐፊም ይህን ውርስ አልተወውም። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» እንስሳትን እያናገሩ ለትምህርት ቤት ልጆች ሲያቀርቡ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ «ፊሳልጎስ» የተባለው ጥንታዊ የግዕዝ ትርጉም እንስሳትን የሃይማኖት ምሳሌ አድርጎ ሲያስተምር እናገኛለን።

4. አያ ጅቦ

በተረቱ ውስጥ አህያዋ ጅቡን «አያ ጅቦ» ብላ መጥራቷን ልብ እንበል። «አያ» ለታላቅ ወንድምና ለአክብሮት የሚሰጥ መጠሪያ ነው። የሚያገለግለው እንስሳ ስም ሳይኖረው የሚበላው እንስሳ በአክብሮት ይጠራል። በእርግጥ ይህ አክብሮት ከፍርሃት የመነጨ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ከፍርሃት ሌላ ምክንያትም ያለው ይመስለኛል፤ ጅብ ለከተማው ሥራ ይሠራ ነበርና።

ቆሻሻ የሚጠርግ ማዘጋጃ ቤት ባልነበረበት ዘመን የሞተ ከብት፣ የእርድ ትራፊና አጥንት የሚጸዳው በሌሊት ነበር። ሰው በሩን ሲዘጋ ከተማው ለጅብ ይለቀቃል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው አነጋገር የሚያስቀው በሚያውቁት አገር ማንነቱ የታወቀ በመሆኑ ነው። ጅብ የዱር እንስሳ ብቻ ሳይሆን የከተማው የታወቀ ጎረቤት ነበር ማለት ነው።

ይህ አገልግሎት በዘመናችን በቁጥር ተለክቷል። ቺንማይ ሶናዋኔ፣ ግደይ ይርጋና ኒል ካርተር በመቀሌና በአካባቢዋ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት፣ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥምብና የሥጋ ትራፊ ያጸዳሉ። ይህም አባሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን በመቀነስ በዓመት 5 ሰዎችንና 140 የቤት እንስሳትን ከመታመም እንደሚያድን ገምተዋል። ከዚህ ቀደም ብሎ በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በትግራይ አካሂደው ያሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ ለዚህ ጽሑፍ የበለጠ ይጠቅማል። አጥኚዎቹ የጅቦችን ኩስ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ መረመሩ። በጾሙ 55 ቀናት ምእመናን ሥጋ ስለማይበሉ የእርድ ትራፊ ይጠፋል፤ በዚያን ጊዜ በጅቡ ኩስ ውስጥ የሚገኘው የአህያ ጠጉር ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኘ። ሰው ሲጾም ጅቡ ወደ አህያ ዞሯል። ተረቱ በጥቂት ቃላት የተናገረውን ሳይንሱ በሠንጠረዥ አቀረበው ማለት ነው።

ውሉ የሚፈርስበት ጊዜም አለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን፣ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ክፍል ፈጀ። በሬ በመጥፋቱ እርሻ ቆመ። በሰሜኑና በመካከለኛው አገር ረሃብ ሲነግሥ ጅቦች ከየመንገዱ የወደቀውን ሬሳ ከመብላት አልፈው በሕይወት ያለውን ደካማ ሰው ማጥቃት መጀመራቸው በዘመኑ ምስክሮች ተጽፏል። የዚያ በሽታ መንስኤ ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2003 ዓ.ም. ነው። ሰው ከብቱን ሲያጣ ከጅቡና ከራሱ መካከል ያለውን አጥር አብሮ ማጣቱን ከዚህ ታሪክ እንማራለን። በአጥሩ ላይ የቆሙት እንስሶቹ ነበሩ።

ይህን ውል በግልጽ ያሳየች ከተማ ሐረር ናት። በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር የተሠራው የጀጎል ግንብ ጅቦች በሌሊት ገብተው የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች አሉት። በአሹራ በዓል ለጅቦች ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርባል፤ ሕዝቡም ጅቡ ገንፎውን እንዴት እንደበላ ተመልክቶ ስለ መጪው ዓመት ይናገራል። ሥርዓቱን የሚያስረዳው የአካባቢው ትውፊት በረሃብ ዘመን ከጅቦች ጋር ስምምነት መደረጉን ያወሳል። ከሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ከግንቡ ውጪ በየማታው ለጅብ ሥጋ የማጉረስ ልማድ ተጨምሯል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ከግንቡ ጋር ይህ ልማድም በዓለም ዘንድ ይበልጥ ታወቀ።

ጎጃም እንዲህ ያለ ግንብ አልሠራም፤ ለጅብም ገንፎ አያቀርብም። የእኛ ገንፎ ያረጀች አህያ ነበረች። የአባቴ «ጅቡስ ቢሆን ጦሙን ይደር?» የሚለው ንግግር ቀልድ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ የሐረርን ሥርዓት ካወቅሁ በኋላ ነው። ሐረር ድርሻውን በበዓል ቀን፣ በሰው እጅ በተሠራ ምግብ ትከፍላለች። እኛ የከፈልነው ባገለገለን ፍጡር ሥጋ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ሌላ ጉዳይ መጠቆም ያስፈልጋል። ጅብን በሚመለከት ያለው ቋንቋ በእንስሳው ላይ ብቻ አልቆመም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ሌላው ባለ እጅ «ቡዳ» እየተባለ፣ በሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል እየተባለ ሲታማ ኖሯል። ማረሻውን የሠራ፣ ምጣዱን የጋገረ ሰው በብዙ ቦታ የሚኖረው ከከተማው ዳር፣ ማለትም አህያ በምትጣልበትና ጅብ በሚመጣበት በኩል ነበር። አገልግሎቱን ወስዶ አገልጋዩን መናቅ በእንስሳ ላይ ተለማምዶ ሰው ላይ የደረሰ ልማድ ነው ወይስ የተገላቢጦሽ? ይህን ለመወሰን አልደፍርም፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሰዋስው እንዳላቸው ግን አያጠራጥርም።

5. ውሻ፦ በበሩ ላይ ያለው

ከጋጣና ከሜዳ መካከል ያለው በር የውሻ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አነጋገር ውሉን በግልጽ ያስቀምጣል። ከብቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎች የቅኔ ጉባኤዎች የተማሩ ሰዎች ግን ስለ ውሻ ሌላ ትዝታ አላቸው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ኮዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ሲቆም መጀመሪያ የሚቀበለው ውሻው ነው። የተማሪው በትር ለምርኩዝ ብቻ አልነበረም።

የውሻ ጥበቃ ሌላ አደጋም ነበረበት። በ1876 ዓ.ም. አካባቢ ጎጃምን ጨምሮ በትግራይ፣ በበጌምድርና በወሎ የእብድ ውሻ በሽታ መዛመቱ ተመዝግቧል። ሉዊ ፓስተር የበሽታውን ክትባት በሰው ላይ የሞከረው ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። አዲስ አበባም በነሐሴ 1895 ዓ.ም. በውሾች መካከል የተነሳ ወረርሽኝ ደርሶባታል። ከዚያ በኋላ በከተሞቻችን በተደጋጋሚ የተወሰደው መፍትሔ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ መፍጀት ነበር። ይህ ዘዴ በሽታውን አላጠፋውም። በዓለም ላይ እስከዛሬ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ከመፍጀት ይልቅ ውሾችን መከተብ በሽታውን እንደሚያቆም ነው። በመርዝ የሞተ ውሻ ቦታውን ላልተከተበ ሌላ ውሻ ይለቃል። እዚህም ላይ ውሉን ያፈረሰው ወገን ዋጋውን መልሶ ሲከፍል እናያለን።

6. የተረሳው ውል ሲታወስ

እስከዚህ የተባለው ንቀቱን ያጎላ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ከንቀቱ ሥር ያልተነገረ አክብሮት እንዳለ የሚያሳይ አንድ የቅርብ ጊዜ ድርጊት አለ። የአህያ ቆዳ በቻይና «ኤጂያዎ» ለሚባል መድኃኒት መሥሪያ በመፈለጉ በቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ተከፈተ። ቄራው በአካባቢው ሕዝብ ተቃውሞ በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ተዘጋ። የቢሾፍቱ ነዋሪ አህያን በየቀኑ የሚጭን፣ የሚደበድብ፣ «አህያ!» ብሎ የሚሳደብ ሕዝብ ነው። ታዲያ ለምን ተቃወመ? ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ የአህያ ሥጋ እንደማይበላ ይታወቃል። ነገር ግን ሥጋው ለውጭ ገበያ ስለነበር የሃይማኖቱ ምክንያት ብቻውን በቂ አይመስለኝም። የተሸከመን እንስሳ አርዶ መሸጥ በውሉ ውስጥ አልነበረም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ባደረጉት ጉባኤ አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድን ለ15 ዓመታት ለማገድ ተስማምተዋል። ምሳሌያዊ አነጋገር ያልመዘገበውን ውል በዚህ ጊዜ ሕግ ለመመዝገብ ሞከረ ማለት ነው።

ነገር ግን ራሳችንን ቶሎ ነጻ እንዳናወጣ እፈራለሁ። እኔ አህያዋን ከከተማው ዳር ስተዋት ቆዳዋን አልሸጥሁም፤ ማንም ቄራ ከፈትህ አይለኝም። ለእሷ ግን ልዩነቱ ምን ነበር? ውላችን ሸክሟን እስከጨረሰችበት ቀን ብቻ የሚጸና፣ ከዚያ በኋላ በር የሚዘጋባት ነበር። ይህ በድህነት ምክንያት የተደረገ መሆኑን አውቃለሁ። ለሰው የማይበቃ ገብስ ላረጀ እንስሳ አይሰፈርም። አባቴን ለመክሰስም አይደለም የምጽፈው። የምለው፣ ድህነት ያስገደደንን ነገር ንቀት እንዲያጸድቅልን ምሳሌያዊ አነጋገሩን ጠርተነዋል ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ከቤተሰቦቼ ጋር በስልክ ስንነጋገር የምሰማው ነገር ይህን ሐሳብ አጠናክሮልኛል። መንገድ ተዘግቶ መኪናና ባጃጅ በቆሙባቸው ቀናት እህልና ማገዶ የገባው፣ በሽተኛም የተጓጓዘው በእንስሳ ጀርባ ነው። እህቴ «ያ ሁሉ ሞተር ቆሞ እንደገና ወደ አህያ ተመለስን» አለችኝ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብላ «ያቺ የኛዋ ትዝ አለችህ?» ስትል ጠየቀችኝ። አብረን ስለ እሷ ስናነሳ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሜዳው ላይ የተውኋት እኔ መሆኔን እህቴ እስከዚያን ቀን አታውቅም ነበር።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ሐተታ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አንድ ተግባራዊ ነጥብ ይጠቁማል። በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ለመሰብሰብ ወደየአገራችሁ ትሄዳላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰበው ቃሉ፣ ትርጉሙና ሲነገር የሚውልበት አጋጣሚ ነው። ከዚህ ጋር ሥራውም ቢመዘገብ መልካም ነው እላለሁ። ስልቻው እንዴት እንደሚታሠር፣ መጫኛው ከምን እንደሚላግ፣ ገጣባ በምን እንደሚታከም፣ አህያ ነጂው ለአህያው ምን እያለ እንደሚናገር፣ ስታረጅም ምን እንደሚደረግባት ይጠየቅ። እነዚህ ነገሮች ካልታወቁ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዳውላን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ነጥብ የአነባበብ ነው። ምሳሌያዊ አነጋገርን ብቻውን ያነበበ ተመራማሪ የባለቤቱን ወገን ሰምቶ ይፈርዳል። ፍርድ ደግሞ፣ አባቶቻችን በሸንጎ እንደሚያደርጉት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ሁለቱም ከተሰሙ በኋላ መሰጠት አለበት። የአህያዋ መልስ በተረቱ ውስጥ ተቀምጧል። ሳታመካኝ ብላኝ ነው ያለችው። እኔም አራተኛ ክፍል ሳለሁ የሳቅሁት ሳቅ ማመካኛ እንደነበር ለመናገር ነው ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት።